ሃሞክ አትወጥሩ፦ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ለካምፒንግ ስትወጡ አንግሉንና ቁመቱን እንዴት ታስተካክላላችሁ?

ሃሞክ (ሁለት ዛፍ መሃል የሚሰቀል የጨርቅ አልጋ) ላይ አድሮ ወገቡን የያዘው ሰው ጥፋቱን ሃሞኩ ላይ ይደፈድፋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአሰቃቀሉ ነው። ገመዱ ከልክ በላይ ተወጥሯል። ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ፣ የሚያምር አልጋ ይመስላል። ሲተኙበት ግን ጨርቁ ከግራና ከቀኝ ተነስቶ ትከሻ ይጨምቃል፤ ትንሽ ሲገላበጡ ደግሞ ወደ መሬት ይደፋል። እዚህ ወሎ መወጠር ያለበት የክራር ክር ነው። ሃሞክ ይርገብ።

ይሄ መመሪያ ሁለት ጫፉ ተሰብስቦ ለሚታሰረው የካምፒንግ ሃሞክ ነው። ጫፉ ላይ የእንጨት ዘንግ ያለው፣ ሪዞርት ግቢ ውስጥ የምታዩት ዓይነት፣ አሰቃቀሉ ሌላ ስለሆነ እሱን እዚህ አልነካውም።

30 ዲግሪ የሚባለው ለምንድን ነው?

ከዛፉ እስከ ሃሞኩ ጫፍ የሚወርደው ማሰሪያ ከአግድም መስመር ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ቢሠራ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። በ30 ዲግሪ እያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ የሚያርፈው 70 ኪሎ ነው፤ ልክ የሰውየውን ክብደት ያህል። ወደ 45 ዲግሪ ብታረግቡት ወደ 50 ኪሎ ይወርዳል። አሁን ደግሞ ወጥሩት። በ10 ዲግሪ በእያንዳንዱ በኩል 200 ኪሎ ይሆናል። በ5 ዲግሪ 400 ኪሎ።

ሰውየው አንድ ግራም አልጨመረም። የጨመረው የገመዱ ሥራ ነው። ገመድ በተጋደመ ቁጥር ወደ ላይ የሚይዝበት ኃይል ስለሚያንስ፣ ያንኑ ሰው ለመሸከም ወደ ጎን አብዝቶ መሳብ አለበት። ያ ሁሉ ጉልበት ቋጠሮው፣ ስፌቱና ዛፉ ላይ ያርፋል። ሃሞክ ተበጠሰ ሲባል ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት የሰውየውን ኪሎ ሳይሆን ገመዱ ምን ያህል ተወጥሮ እንደነበር ይሁን።

1. ዛፉን ምረጡ

ደሴ ዙሪያ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ባሕር ዛፍ ነው። በጦሳ ተዳፋትም በሀረጎም በኩል ብትሄዱ አታጡትም። ግን ሁሉም ባሕር ዛፍ ሃሞክ አይሸከምም። ግንዱን በሁለት እጃችሁ መዳፍ ክበቡት። ጣት ከጣት ከተገናኘ ቀጭን ነው፣ እለፉት። ቀጭን ዛፍ ባይሰበር እንኳ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ያኔ የለካችሁት ቁመትም አንግልም ገደል ገባ። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ ያቆጠቆጠውንም ተዉት። ወፍራም ቢመስልም ከጉቶው ጋር የተያያዘበት ቦታ ደካማ ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱ እየተላጠ ያለ ግንድ ደግሞ ማሰሪያውን ይዞ ይንሸራተታል፤ ልጡን አራግፋችሁ ደህናው እንጨት ላይ እሰሩ።

ምርጫ ካላችሁ የሐበሻ ጥድ ወይም ወይራ ይሻላል። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የጎፍ ደን ሁለቱም አሉት፤ ጥብቅ ደን ስለሆነ ግን ሳታስፈቅዱ አትግቡ። ወደ ቆላው ስትወርዱ ግራር ይበዛል። ግራር ጠንካራ ነው፣ ችግሩ እሾሁ ነው። መሬት ላይ የወደቀውን እሾህ ሳትጠርጉ ሃሞኩን አትዘርጉ። ቀጭን ናይለን በአንድ እሾህ ነው የሚተረተረው።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ቀና በሉ። ራሳችሁ በሚያርፍበት ቦታ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ሌላ ዛፍ ፈልጉ። ባሕር ዛፍ ነፋስ ሳይኖርም ቅርንጫፍ ይጥላል።

ግቢ ውስጥ ለመሞከር ብላችሁ ከብሎኬት ወይም ከጡብ የተሠራ የበር ዓምድ ላይ እንዳታስሩ። ዓምድ ከላይ የሚመጣ ክብደት ይችላል፤ የጎን ስበት ሌላ ነው። በሌሎች አገሮች ዓምድ ተደርምሶባቸው ሃሞክ ላይ እንዳሉ የሞቱ ሰዎች አሉ። የመብራት ምሰሶማ ጭራሽ አይታሰብም።

ባሕር ዛፍ ባለቤት አለው። ነገ ተቆርጦ የሚሸጥ ንብረት ነው። ስለዚህ ከመዘርጋታችሁ በፊት በአቅራቢያው ያለን ሰው አናግሩ። «አባቴ፣ ዛፉን አንነካም፣ እሳትም አናነድም፤ አረፍ ብለን እንሄዳለን» ማለት ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አብሽሩ ልጆቼ» ነው። ቡናም ሊከተል ይችላል።

2. ርቀቱ

በሁለቱ ዛፎች መካከል ከ4 እስከ 5 ሜትር ቢኖር ሁሉም ነገር ቀላል ይሆናል። ይሄ በተለመደ አረማመድ ወደ ስድስት እርምጃ ነው። ከ3.5 ሜትር በታች ከሆነ ሃሞኩ ይሰበሰብና እንደ ከረጢት ይውጣችኋል። ከ6 ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛውን አንግል ለማግኘት ማሰሪያውን እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ማሰር ይመጣል። ያኔ ነው ሰው ሰንፎ ዝቅ አድርጎ አስሮ መወጠር የሚጀምረው።

3. ማሰሪያው

ቀጭን ገመድ ዛፉን ይበላል፣ ራሱም ይበላል። ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ተጠቀሙ፤ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የተሻለ። ከሃሞኩ ጋር ካልመጣ የመኪና ጭነት የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ማሰሪያ ያገለግላል። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ስለሆነች ፈልጋችሁ አታጡትም። አሮጌ ከሆነ ግን ጠርዙ የተቆረጠ ወይም ፀሐይ ያደረቀው እንዳይሆን እያያችሁ ግዙ።

ዋናው ጉዳይ ክሩ የተሠራበት ነገር ነው። ፖሊስተር ብዙ አይለጠጥም። ናይለን ይለጠጣል፤ ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል። ማታ በወንበር ልክ የሰቀላችሁት ሃሞክ ንጋት ላይ ሣር እየነካ ከሆነ ዛፉን አትጠርጥሩ፣ ማሰሪያውን እዩት።

አስተሳሰሩ ቀላል ነው። ማሰሪያውን ግንዱ ላይ አንዴ ጠምጥሙ፣ ጫፉን በራሱ ቀለበት ውስጥ አሳልፉ፣ ወደ ሃሞኩ ሳቡ። ማሰሪያውን ከሃሞኩ ጋር ለማያያዝ ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) የምትጠቀሙ ከሆነ የተራራ መውጫ ይሁን። ሰውነቱ ላይ 22 ኪሎ ኒውተን የሚል ማኅተም ካለው ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ይችላል። የቁልፍ መያዣው አምሳያው ቢሆንም ሰው አይችልም።

4. ዛፉ ላይ ስንት ከፍ ይበል?

መነሻችሁ መቀመጫው ነው። ሃሞኩ መሃል ላይ ስትቀመጡ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትርቁ ጥሩ ነው። ይሄ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ያለው አንድ ክንድ ነው። እግራችሁ መሬት ይነካል፣ መውጣትም መግባትም አያስቸግርም። ብትወድቁም ከወንበር እንደመውደቅ ነው። ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ መስቀል ለፎቶ ያምራል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከዚህ ተነስተን ወደ ዛፉ እንሂድ። 3 ሜትር ርዝመት ላለው ሃሞክ፣ ዛፎቹ 3.5 ሜትር ቢራራቁ ማሰሪያው ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ይታሰር። 4 ሜትር ከሆነ 1.65፣ 5 ሜትር ከሆነ 1.9፣ 6 ሜትር ከሆነ 2.2 ሜትር። ዛፎቹ አንድ ሜትር በተራራቁ ቁጥር 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። መነሻ ቁጥር ነው፤ የጨርቁ መለጠጥና የእናንተ ክብደት ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። ሜትር ካልያዛችሁ ለ4 ሜትር በዓይናችሁ ልክ፣ ለ5 ሜትር ከራሳችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ።

5. አንግሉን በስንዝር ለኩ

ስልካችሁ ላይ የውሃ ልክ አፕ ካለ ስልኩን ማሰሪያው ላይ ማስደገፍ ይበቃል። ባትሪ ካለቀ ወይም ስልኩን ከቦርሳ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ግን እጅ አለ።

አንድ ሰው ሃሞኩ ውስጥ ይተኛ። ባዶ ሃሞክ ላይ መለካት ዋጋ የለውም፤ ሰው ሲገባበት ሁሉም ነገር ይለወጣል። ሌላው ሰው ማሰሪያው ከሃሞኩ ጋር ከተያያዘበት ነጥብ ተነስቶ ማሰሪያውን እየተከተለ ወደ ዛፉ ሁለት ስንዝር ይለካ። የደረሰበት ቦታ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ያንጠልጥል። ግንበኞች ቱንቢ የሚሉት ነው። አሁን ከማሰሪያው ጀምሮ ክሩን ይዞ ወደ ታች፣ ከሃሞኩ ጫፍ ጋር እኩል እስከሚሆንበት ድረስ ስንት ስንዝር እንዳለ ይይ። አንድ ስንዝር ከሆነ 30 ዲግሪ ነው፤ ጨርሳችኋል። በማሰሪያው ሁለት ወጥቶ በክሩ አንድ መውረድ፣ ይሄው ነው።

የማን ስንዝር እንደሆነ ለውጥ የለውም፤ በሁለቱም በኩል ያው እጅ እስከሆነ ድረስ። ከስንዝሩ ካነሰ ተወጥሯል፣ ማሰሪያውን አርዝሙት። ከበለጠ ረግቧል፣ አሳጥሩት። ትንሽ ከመወጠር ትንሽ መርገብ ይሻላል፤ 35 ዲግሪ ቢሆን ማንም አይጎዳም።

አንግሉን ስታስተካክሉ ቁመቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ማሰሪያውን ስታረዝሙ ሃሞኩ ይወርዳል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተመልሶ ይወጥራል። አታድርጉት። መቀመጫው ከክንድ በታች ከወረደ ማሰሪያውን ዛፉ ላይ ወደ ላይ ግፉት። አንግል የሚስተካከለው በማሰሪያው ርዝመት፣ ቁመት የሚስተካከለው ዛፉ ላይ ነው። ሁለቱን ካልቀላቀላችሁ አታብዱም።

6. የላይኛው ገመድ

ሃሞካችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ በላዩ የሚሄድ ቋሚ ገመድ ከሌለው አንድ ጨምሩለት። ርዝመቱ የሃሞኩ ርዝመት 83 በመቶ ይሁን። 3 ሜትር ለሆነ 2.5 ሜትር፣ 3.3 ለሆነ 2.75 ሜትር ገደማ። ሁለቱን የሃሞክ ጫፎች ያገናኛል፤ ከዛፍ ጋር አይታሰርም። የማይለጠጥ ቀጭን ግን ጠንካራ ገመድ መሆን አለበት።

ጥቅሙ ምንድን ነው? የጨርቁ ርግበት በየቦታው አንድ ዓይነት ይሆናል። ዛሬ ሐይቅ ዳር ያገኛችሁት ዛፍና ነገ ሀረጎ ላይ የምታገኙት ዛፍ ርቀታቸው ቢለያይም የምትተኙበት ቅርጽ አይለወጥም። በተጨማሪም መለኪያ ይሆናችኋል። ተኝታችሁ እጃችሁን ዘርጉና ገመዱን በአውራ ጣትና በሁለት ጣት መሃል ይዛችሁ እጠፉት። ትንሽ ከታጠፈ ጥሩ ነው። እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ እምቢ ካለ ማሰሪያው ተወጥሯል። ላላ ብሎ ከተንጠለጠለ ደግሞ ሃሞኩ ከሚገባው በላይ ረግቧል። ማታ በጨለማ ስንዝር ከመለካት ይሄ ይቀላል።

7. ተዳፋት ላይ

ደሴ ላይ ሜዳ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ይሄን ክፍል በደንብ አንብቡት።

ሁለቱ ዛፎች በተዳፋቱ ወገብ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። ወደ ላይና ወደ ታች የተሰለፉ ዛፎችን በተቻለ መጠን ተዉ። እኩል ሆነውም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለ። የላይኛው ጎን መሬት ለሃሞኩ ቅርብ ነው፣ የታችኛው ጎን ሩቅ ነው። ክንዱን የምትለኩት በላይኛው በኩል ነው፤ የምትገቡትም የምትወጡትም በዚያው በኩል ነው። በታችኛው በኩል መውረድ ከአልጋ መውረድ ሳይሆን ከአጥር መዝለል ነው። ገደል አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ፣ አዝዋ ገደልን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ ለእይታ ብላችሁ ጫፍ ድረስ አትጠጉ።

ሌላ አማራጭ ከሌለና አንዱ ዛፍ ከታች ከሆነ፣ ማሰሪያውን ከየዛፉ ሥር አትለኩ። ከየሥሩ 1.65 ሜትር ብትለኩ ሃሞኩ ከተዳፋቱ ጋር አብሮ ይዘማል። የላይኛውን ዛፍ መጀመሪያ እሰሩ፣ ከዚያ ሲባጎ ወደ ታችኛው ዛፍ ወጥራችሁ አግድም መሆኑን አረጋግጡ። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ሃይላንድ ሲባጎው ሥር አግድም ይዛችሁ ክሩን ከውሃው መስመር ጋር ማስተያየት ነው። ውሃው አይዋሽም።

8. ሰያፍ ተኙ

አሰቃቀሉ ልክ ቢሆንም በሃሞኩ መሃል መስመር ላይ ቀጥ ብላችሁ ከተኛችሁ ሙዝ ትሆናላችሁ። ጀርባ ቀጥ የሚለው ሰያፍ ሲተኙ ነው። ራሳችሁን ከመሃል መስመሩ ወደ አንድ ጎን፣ እግራችሁን ወደ ሌላው ጎን፣ አንድ ስንዝር ያህል አውጡት። ጨርቁ ከሥራችሁ ይዘረጋል፣ ጀርባችሁም ይተኛል። ያን ያህል ርግበት የፈለግነው ለዚህ ነበር፤ የተወጠረ ሃሞክ ሰያፍ ለመተኛት ቦታ አይሰጥም።

የእግር በኩል ያለውን ማሰሪያ ከራስ በኩል ካለው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት። የሰው ክብደት ከወገብ በላይ ስለሚበዛ፣ እኩል ከተሰቀለ ሌሊቱን ሙሉ ወደ እግር ስትንሸራተቱ ታድራላችሁ።

9. ብርዱና ዝናቡ

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ይኖረዋል። ሃሞክ ላይ ብርድ የሚገባው ከሥር ነው። ጋቢ ደራርባችሁ ብትለብሱ ከጀርባችሁ ሥር ያለው ይጨፈለቅና ሙቀት መያዙን ያቆማል። ስስ ስፖንጅ ፍራሽ ከሥር አንጥፉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደሴ ላይ ለማደር ካሰባችሁ ደግሞ መቀመጫውን ከክንድ ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ ከሥር የሚያልፈው ነፋስ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቸግረው ትንኝ ነው፤ አጎበር ያዙ።

ሸራ ከላይ የምትወጥሩ ከሆነ በራሱ ገመድ፣ ከሃሞኩ የላይኛው ገመድ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይሁን። ሃሞኩ ላይ ከታሰረ በተነቃነቃችሁ ቁጥር አብሮ ይረግባል። ዝናብ ግንዱን ተከትሎ፣ ከዚያ ማሰሪያውን ተከትሎ ሃሞኩ ውስጥ ይገባል። በሸራው ሥር፣ ሃሞኩ ከመድረሱ በፊት፣ ማሰሪያው ላይ አጭር የጥጥ ክር አስራችሁ አንጠልጥሉ። ውሃው እዚያ ጋ ይንጠባጠባል።

ተኝታችሁ ካልተመቻችሁ

ትከሻ ከተጨመቀ ማሰሪያውን አርግቡ። ጉልበት ወደ ኋላ ከተቆለመመ የበለጠ ሰያፍ ሁኑ፣ ካልሆነም የተጠቀለለ ነጠላ ከጉልበት ሥር አድርጉ። ባታችሁ ሥር እንደ ዱላ የሚጎረብጥ የጨርቅ መስመር ከተሰማችሁ የእግር በኩሉን ከፍታ ትንሽ ለዋውጣችሁ ሞክሩ። ካልጠፋ ሃሞኩ ለቁመታችሁ አጭር ነው፤ ከ1.75 ሜትር በላይ የሆነ ሰው 3.3 ሜትር የሚሆነውን ቢፈልግ ይሻለዋል።

መቀመጫው ሌሊት ላይ ከወረደ ሁለት ነገር እዩ። ማሰሪያው ግንዱ ላይ ተንሸራቶ ከሆነ አንድ ዙር ጨምራችሁ ጠምጥሙት። ቦታውን ካልለቀቀ ክሩ ተለጥጧል። በዚያን ጊዜ ተነስታችሁ አንድ ስንዝር አሳጥሩት፤ በማግስቱ ማታ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት ሃሞኩ ውስጥ ተቀምጣችሁ ትንሽ ቆዩ፣ የሚለጠጠው ከተለጠጠ በኋላ ቁመቱን እንደገና በክንድ ለኩ።